ብስክሌቷ ላም ዘመዶቿን ያገኘችበት ጉዞ

ዲላ ለመሄድ ያላሰባችሁ ሰዎች አትድከሙ፤ እኔ ሄጄላችኋለሁ። ከተመለስኩ ወር አልፎኛል፤ ጉልበቴ ግን ገና መንገድ ላይ ነው መሰለኝ፣ አልደረሰም።

ስሜ ታፈሰ ነው። እናቴ ይህን ስም ስታወጣልኝ፣ የተወለድኩበት ካዛንቺስ አንድ ቀን በዶዘር ታፍሶ እንደሚሄድ የነገራት አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ የሱቅ፣ የቡና ቤትና የልብስ ስፌት ማስታወቂያ ስጽፍ፣ ግድግዳ ስቀባ ኖርኩ። ከኡራኤል እስከ ወሎ ሰፈር «ምግብና መጠጥ» የሚለውን ከእኔ በላይ የጻፈ ሰው ካለ ይምጣና እንጨባበጥ። ከጽሑፉ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ተራራ አለ፦ ሰማያዊ፣ ሦስት ጫፍ ያለው፣ ከሥሩ ሐይቅ የተኛበት። የት እንደሚገኝ አላውቅም። ጉራጌው ደንበኛ ገብቶ «ይሄማ ዘቢዳር ነው!» ይላል። ጎንደሬው «ጉናን መቼ ሄደህ አየኸው?» ይላል። እኔ ለሁሉም «ደረስክብኝ» ነው መልሴ። የማንም ያልሆነ ተራራ የሁሉም ይሆናል፤ አገሩ የናፈቀው ሰው ደግሞ ጫፍ አይቆጥርም።

ተራራ እንግዲህ ይህን ያህል አይከብደኝም። የእኔ መከራ ፊት ነው። ፊት ስስል ሁሉም ሰው ይመስልብኛል፣ ያውም የማውቀውን ሰው። በጎልማሳነቴ ለአንድ ቡና ቤት አንበሳ ሳልኩ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሰፈሩ ተሰብስቦ «የዕድራችን ሊቀመንበር!» አለ። እውነትም ጎፈር የተጨመረበት ሊቀመንበር ነበር። ባለቡና ቤቱ በኖራ አስጠፋኝ፤ ሊቀመንበሩ ግን ዓመት ሙሉ ሰላም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ፊት የሚባል ነገር እርም አልኩ።

ለዚህ ነው የወይዘሮ ረውዳ ወተት ቤት ግድግዳ ላይ ያለችው ላም ፊት የሌላት። ኡራኤል አካባቢ ለሠላሳ ዓመት ወተትና እርጎ የሚሸጥበት ቤት ነው። ያኔ የረውዳ እናት ላም ሳልልን ሲሉኝ፣ ገላዋን ከጎን ሳልኩ፣ ወተት ቤት ነውና ጡቷን እስከ መሬት አንዠረገግኩት፤ ራሷ ጋ ስደርስ ፈራሁና ሁለት ቀንድ ብቻ ግራና ቀኝ ቆልምሜ ተውኩት። ሰፈሩ በማግስቱ ስም አወጣላት፦ ብስክሌቷ። ቀንዷ የብስክሌት መሪ ይመስላላ! «የት ነህ?» ሲባል «ብስክሌቷ ጋ» ይባላል። የታክሲ ረዳት ሳይቀር «ብስክሌቷ ጋ ወራጅ አለ» ይል ነበር። እኔም በየቀኑ አልፋታለሁ፣ ቀና ብዬ ግን አላያትም። ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነና ረውዳ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አዲስ ሱቅ አገኘች። አንድ ቅዳሜ አስጠርታኝ፣

«ጋሼ፣ የአዲሱ ቤት ግድግዳ የእርስዎ ነው» አለችኝ። «ተራራውም ይኑር፣ ላሞቹም ይኑሩ። አንድ ነገር ብቻ፣ እንዳይቀየሙኝ...»

«ብስክሌቷን አትድገማት ነው?»

«ፊት ይኑራት፣ ማለቴ፣ የሰው አገር ነው የምንሄደው። እዚህ የለመደን ሰው ይስቅልናል፣ እዚያ ግን ይስቅብናል።»

ልጇ ሂክማ ከካውንተሩ ኋላ ሆና፣ «ማሚ፣ ባነር ይሻላል እያልኩሽ? ፈረንጅ ላም ነች፣ ሃይ ኳሊቲ፣ በቃ በአንድ ቀን ፕሪንት ተደርጋ ትመጣለች» አለች።

ረውዳ እኔንም ልጇንም ማስቀየም አልፈለገችም። «እስከሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ንድፉን ያምጡልኝ። ፊት ካላት ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ ካልሆነ ባነሩን እንሰቅላለን።»

አራት ዓመት ሙሉ ብሩሽ ያስያዘኝ ሰው አልነበረም፤ ባነር የሚሉት ነገር እንጀራዬን እንደ ዶሮ ለቅሞ ጨርሶታል። ይህ የመጨረሻ ግድግዳዬ መሆኑን አውቄያለሁ።

ጓደኛዬ መምህር ደበበ ነው ያዳነኝ፣ ወይም ጉድ የሠራኝ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ በወጣትነቱ ዲላ ስምንት ዓመት አስተምሯል፤ ይህንንም በስምንት ደቂቃ አንዴ ያስታውሰናል። «አንተ ሰው» አለኝ፣ «ከዲላ ወጣ ብሎ ገደል ውስጥ ዓለት ላይ የተቀረጹ ላሞች አሉ። የጥንት ሰው ነው የሠራቸው። ዓይናቸው! በየትኛውም በኩል ብትቆም ያዩሃል። ሄደህ ፊት አሣሣል ከእነሱ ተማር።»

«አይተሃቸዋል?»

«ስምንት ዓመት ኖሬ!» አለ ተቆጥቶ። አስተውሉ፣ «አዎ» አላለም። እኔ ግን ያን ጊዜ አላስተዋልኩም፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ተገናኘን። ደበበ ካፖርት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጃንጥላ ይዟል። እኔ አንድ የሥዕል ደብተርና ባለቤቴ ያሰናዳችልኝን ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ። «የድሮ ተማሪዎቼ ቢያገኙኝስ?» አለኝ ከረባቱን እያስተካከለ።

አውቶቡሱ ደብረ ዘይትን አልፎ ዝቋላ በቀኝ ብቅ ሲል፣ ደበበ ልክ እሱ እንደሠራው ሁሉ አሳየኝ። አየሁት፤ ጥሩ ተራራ ነው፣ አናቱ ግን እንደተመታ የሞሰብ ክዳን የተጨፈለቀ ነው። አንድ ጫፍ እንኳን የለውም። እኔ የሠራሁት ተራራ ቢሆን ደንበኛ «ሳይጨርስ ሄደ» ይለኝ ነበር። ደበበ እስከ መቂ የተራራ ስም ሲጠራ፣ እኔ የራሴን ስፈልግ ነበርኩ። አንዱም ሰማያዊዬን አይመስልም። እግዚአብሔር በቀለም ብዛት ይበልጠኛል፤ በጫፍ ቁጥር ግን እኔ እበልጠዋለሁ አልኩና ወዲያው አማተብኩ፤ አውቶቡስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

እውነትም መቂን ሳናልፍ ጎማ ተነፈሰ። ደበበ «በአንተ አፍ ነው» አለኝ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ጥላውን ሲይዝ፣ እኔ መንገድ ዳር የቆመች ላም አየሁና ደብተሬን አውጥቼ ልሞክር ተቀመጥኩ። ጆሮ አደረግኩላት፣ ዓይን፣ አፍንጫ። ሰው ከኋላዬ መሰብሰብ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ረዳቱ! ኧረ ራሱ ረዳቱ ነው!»

ረዳቱ በክሪክ ቅባት እጁ ተጨማልቆ መጣ፤ አየና አንገቱን ነቀነቀ። «ፋዘር፣ እኔ ጎማ እየቀየርኩልዎ እርስዎ ላም አደረጉኝ?»

«ላም መሆን ምን ነውር አለው? ሁለት ሰዓት አልበንህ ነው እዚህ የደረስነው» አልኩት። ሳቀና ንድፉን ለመነኝ፤ ቀድጄ ሰጠሁት፣ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ሁለተኛዋ ላም ሟቿን አክስቴን መሰለች። እሷን ለማንም አላሳየሁም።

ሐዋሳ ገብተን አደርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐይቁ ዳር ወርደን የአሳ ሾርባ ጠጣን፤ ካዛንቺስ ሾርባ ስትጠጣ አፍህን የሚጠብቅ የለም፣ እዚህ ግን ከጎንህ ሰው የሚያህሉ አሞራዎች ተሰልፈው አጥንት ይጠብቁሃል። አባ ኮዳ ይሏቸዋል። መላጣ ናቸው፣ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ ይመስላሉ። አንዱ ደበበ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ካፖርት በካፖርት።

«ያው ተማሪህ መጣ» አልኩት።

«ይሄ ዳይሬክተራችን ነው» አለ ደበበ። እውነት እላችኋለሁ፣ ስሄድ ስመለስ ከሰማሁት ጨዋታ ሁሉ የሱ ይበልጣል፤ ለዚህ ነው ዓይኔ እያየ እብሪቱን የምችልለት።

ረቡዕ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ወደ ዲላ ቀጠልን። መንገዱ ከሐዋሳ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ይዘጋብሃል። እንሰት፣ ቡና፣ እንሰት፣ ቡና። እኛ ሰፈር ዛፍ ካየህ ሥሩ ጫማ የሚጠርግ ሰው አለ፤ እዚህ ዛፉ ሥር ሌላ ዛፍ አለ። አረንጓዴ ቀለም ቆርቆሮ ከፍቼ አሥራ ሁለት ዓይነት ብቀላቅል አልጨርሰውም።

ዲላ ስንደርስ ደበበ ከረባቱን ጠበቅ አደረገና ዋናውን መንገድ ቀስ እያለ፣ ግራ ቀኝ እየሰገደ ይሄድ ጀመር። ማንም አላወቀውም። እኔ ከኋላ ሻንጣውን ተሸክሜ እንደ አጃቢ እከተላለሁ። ግማሽ መንገድ እንደሄድን አንድ ጎረምሳ ከሩቅ «ቲቸር!» አለ። ደበበ ፊቱ በራ፤ እጁን ዘርግቶ ወደ ልጁ ሄደ።

«ቲቸር፣ አልጋ አለ፣ ሙቅ ውሃም አለ!»

ደላላ ነበር፤ ከረባት ያደረገ ሁሉ ለሱ ቲቸር ነው። አልጋውን ያዝን፤ ሳቄን ግን መያዝ አልቻልኩም። የፔንሲዮኗ ባለቤት ለደበበ የጾም ሽሮ ሠርታ፣ ሙቅ ውሃ በባልዲ አምጥታ፣ ወደ ገደሉ እንደምንሄድ ስትሰማ ጫማዬን አየችና፣ «አባባ፣ በዚህ ጫማ? ይሄ እኮ የሠርግ ቤት ጫማ ነው» አለችኝ። የባሏን ቦቲ አምጥታ እግሬ ላይ ለካች። ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ጋዜጣ ጎዝጉዛ አስተካከለችልኝ። እኔን የማታውቅ ሴት ናት። ካዛንቺስ አምሳ ዓመት የማውቀው ጎረቤቴ ጃንጥላ ሲያውሰኝ መታወቂያ ሊይዝብኝ ምንም አይቀረው።

ሐሙስ ጠዋት ባጃጁ የሚችለውን ያህል ወሰደንና ጭቃው ላይ ራርቶ አወረደን። ቀይ ቡና የተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ አንድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ፍሬ ይለቅማል። በራሶ ይባላል፤ ቤቱ ከገደሉ አፋፍ ነው፤ መንገድ እንዲያሳየን ለመንነው። እሺ አለና ደበበን ትኩር ብሎ አየው። ዞሮ አየው። ከዚያ ቡናውን ከእጁ አራገፈ።

«ቲቸር ደበበ?»

ደበበ ወደ ኋላው ዞረ፣ ሌላ ደበበ ያለ መስሎት።

«እኔ በራሶ ነኝ! ሰባተኛ ቢ፣ ከመስኮቱ አጠገብ!» ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ደበበ በትከሻው ያዘውና ተቃቀፉ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጠረገ። ሁለት ቀን የጠበቀው ተማሪ ይኸው ተገኘ። ደስታው ግን ሦስት ደቂቃ ነው የቆየው።

«ቲቸር፣ እንኳን መጡ» አለ በራሶ፣ «አንድ ጥያቄ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ።»

«ጠይቅ እንጂ ልጄ!»

«ፈተና ላይ እውነት ሐሰት ብለው ነበር። ‹የገደሉ ላሞች ትልልቅ ዓይን አላቸው።› እኔ ሐሰት አልኩ። ኤክስ ሰጡኝ።»

ደበበ ጃንጥላውን ዘረጋ። ዝናብ አልነበረም።

«ምን ማለት ነው?» አልኩ እኔ። ልቤ ቀድሞኝ አውቋል።

«ይምጡ ይዩ» አለ በራሶ።

መውረጃው እንደ ግድግዳ ነው። በራሶ እንደ ፍየል ይወርዳል፣ እኔ ቦቲዬ ውስጥ እግሬ ለብቻው እየተጓዘ እከተላለሁ፣ ደበበ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የበራሶን ቀበቶ ይዟል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ሰውዬው ገደል ይፈራል! ስምንት ዓመት ዲላ ኖሮ አንድ ቀንም አልወረደም። ተማሪዎቹን ያስተማረው ከሌላ አስተማሪ የሰማውን ነው፣ በላዩ ላይም የራሱን ዓይን ጨምሮበት።

ልሰድበው ዞር ስል አዳለጠኝ። በቂጤ እስከ ወንዙ ወረድኩ፤ በራሶ «አባባ አቋራጭ ያውቃሉ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ዳንኩ፤ የሥዕል ደብተሬ ግን ወንዙ ገባ። አክስቴንና ያልተሳሉትን ላሞቼን ሁሉ ይዞ ቁልቁል ሄደ። ወንዙ ከእኛ ሰፈር ግንፍሌ ወንዝ ያን ያህል አይሰፋም፤ ፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሌለበት ግን ወንዝ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቀና ስል አየኋቸው።

ዓለቱ ላይ ተሰልፈዋል። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ መንጋ ነው፤ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ ከድንጋዩ ገላቸው አብጦ ወጥቶ፣ ልዳብሳቸው ብል የሚሞቁ ይመስላሉ። ገላቸው ከጎን ነው። ጡታቸው ተዘርግፏል፣ ወተት ቤት ያላቸው ይመስል። ራሳቸው ጋ ስደርስ...

ፊት የለም። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም። ሁለት ቀንድ ብቻ፣ ግራና ቀኝ ተቆልምሞ፣ ከላይ እንደታየ። የብስክሌት መሪ!

«ብስክሌቷ» አልኩ። ድምፄ ገደሉ ውስጥ ተመልሶ ጠራኝ።

ደበበ አንድ ዓይኑን ከፈተ። አየ። ዘጋው። «ሐሰት» አለ ቀስ ብሎ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። ፊት ልማር ነው የመጣሁት። እሁድ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ግድግዳዬ በዚህ ገደል ውስጥ ሲገባ ታየኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ለበራሶ ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት፤ ረውዳን፣ ባነሩን፣ ሠላሳ ዓመት የተሳቀባትን ላሜን።

በራሶ የአንዷን ላም ቀንድ በጣቱ ነካ። «አባባ፣ ላም ፊት ምን ያደርግላታል? ከብት የሚነዳ ሰው ከኋላ ነው የሚሄደው። እኛ ላም የምናውቃት በቀንዷ፣ በጡቷ ነው። ፊቷን የሚያየው ሊገዛት የመጣ ነጋዴ ነው።» ከዚያ እጄን ይዞ አስነሳኝ። «ይምጡ፣ አንድ ነገር ላሳይዎ።»

ግማሽ አቀበት እንደወጣን ቁልቁል አመለከተኝ። ከሥራችን ባለች ጠባብ ሣር ላይ የእሱ ላም ታስራለች። ከላይ ሆኜ አየኋት። ጀርባ፣ ጎን፣ ሁለት የተቆለመመ ቀንድ። ፊት የለም።

«በተራራ አገር ላም የምትታየው ከላይ ነው» አለ በራሶ።

ያን ጊዜ ስንት ዓመት የተኛ ነገር ብንን አለብኝ። ልጅ ሆኜ ግንፍሌ ድልድይ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር የምውለው። ያኔ ሰፈራችን ላም የማያረባ ቤት አልነበረም፤ ከብቶቹ ከድልድዩ ሥር ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ከላይ ሆኜ ቀንድ በቀንድ እቆጥራቸው ነበር። ላም የተማርኩት እዚያ ነው! ፈርቼ ብቻ አይደለም ፊት የተውኩት፤ እጄ ያየውን ነው የሳለው። ሠላሳ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ያለፍኩባት ላም እንዲህ ያሉ ዘመዶች ነበሯት! አቀበቱ መሃል ቆሜ ሳቅኩ፣ ደበበም ሳቀ፣ ከዚያ የት እንዳለ አስታውሶ መሬቱን ያዘ።

በራሶ ቤት ቆጮ በቅቤ፣ ከአይብ ጋር፣ በእንሰት ቅጠል ቀረበልን። ካዛንቺስ ክትፎ ቤት የምናውቀው ቆጮ ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ካርቶን ነው። ባለቤቱ ታደለች በላሁ ባልኩ ቁጥር «ጭቃው ብዙ ኃይል ወስዶብዎታል» እያለች ትጨምርልኛለች። ልብሴን ከላዬ አስወልቃ አጠበችው፤ በባሏ ጋቢ ተጠቅልዬ እንደ አራስ ተቀመጥኩ።

መሳል አለብኝ፤ ወረቀት ግን የለም። ቤቱ ውስጥ ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ በራሶ ዓይኔን ተከተለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ባለ አንድ ገጽ የዓመት መቁጠሪያ ተለጥፏል። ነቀለውና ጀርባውን ገልብጦ ሰጠኝ፤ ንጹሕ ነጭ።

«ኧረ ተው!» አልኩት። «ጥቅምት ላይ ነን እኮ፣ ዓመቱ ገና አሥር ወር ይቀረዋል!»

«አባባ፣ ቡና ሲቀላ እናውቃለን፣ ዝናብ ሲመጣ እናውቃለን» አለ። «ዓመቱን ይውሰዱት።»

ሰው ሸሚዝ ሰጥቶኝ ያውቃል፣ ሲጋራ ሰጥቶኝ ያውቃል። ዓመት የሰጠኝ በራሶ ብቻ ነው። ከሰል ከምድጃ አንስቼ ተመልሼ ወረድኩ፣ በዚህኛውም ጊዜ በቂጤ፣ አሁን ግን ሆን ብዬ። መንጋውን በሙሉ ገለበጥኩ። ከጀርባው ተራራ አደረግኩ፣ የራሴን፣ ባለ ሦስቱን ጫፍ። በራሶ ሥዕሉን አየና ጣቱን ጫፎቹ ላይ አደረገ።

«ይሄ የእኛ ነው፣ ከወዲያ ያለው። መቼ አዩት?»

«ደረስክብኝ» አልኩት።

ልንሄድ ስንል በራሶ በሩ ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ውጤቴስ?»

ደበበ ከሰሉን ከእጄ ተቀበለ። ከረባቱን አስተካከለ። በሳንቃው በር ላይ፣ ክንዱን ሙሉ ዘርግቶ፣ በሩን የሚያህል ራይት አሠመረ፤ ከሥሩም ፈረመበት። ታደለች እልል አለች። ሠላሳ ዓመት የዘገየ እርማት በእልልታ ሲወጣ እኔ ያየሁት ይህንን ብቻ ነው።

ዓርብ መመለሻችን አንድ ቀን ፈጀ፤ በጀርባዬም ላይ ያመመኝ ቦታ ከመቀመጫው ጉድጓድ ጋር ስለተስማማ ችግር አልነበረም። መቁጠሪያውን ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። ሻሸመኔ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ ባልቴት «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ። ፈታሁና አየሁላቸው። ደበበ፣ «ከካዛንቺስ ወደ ዲላ ባዶ እጅህን ሄደህ፣ ቀን የምትነግር ሰው ሆነህ ተመለስክ» አለኝ።

እሁድ። ረውዳ ወተት ቤት ስገባ ባነሩ ቀድሞኛል፤ ሂክማ ለናሙና አሳትማ ወንበር ላይ ዘርግታዋለች። ፈረንጇ ላም ትስቃለች፤ ጥርስ አላት፣ ያውም የላይኛውን። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ እንደሌላት ካዛንቺስ ተወልዶ ላም ያላየ ትውልድ በምን ይወቅ? ምንም አልተናገርኩም። መቁጠሪያዬን ካውንተሩ ላይ ፈታሁት።

ረውዳ በመጀመሪያ ያየችው ወሮቹን ነው። «ይሄ ደግሞ የማን ዓመት ነው?»

ገለበጥኩላት። ሂክማ አንገቷን አሰገገች።

«ጋሼ! ብስክሌቷ! ስምንት አደረጓት እንዴ?»

ዲላን ነገርኳቸው። ዓለቱን፣ በራሶን፣ ድልድዩን። ለምኜ አላውቅም፣ አሁንም አልለመንኩም። «ፊት አላገኘሁም፣ ረውዳ። እዚያም የለም። እኔ የማውቃት ላም ይህች ናት። ካልፈለግሽ ባነሩ አለልሽ፣ አልቀየምም።»

ረውዳ ጣቷን ከመጀመሪያዋ ላም እስከ መጨረሻዋ በቀስታ ወሰደችው።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ተራራው ነዋ።»

«እቃ ጭነው የሚሄዱ ነው የሚመስሉት» አለች። ቀና ብላ የሠላሳ ዓመት ግድግዳዋን አየች፣ አሮጌዋን ብስክሌቷን። «እኛን።» ሂክማ ስልኳን አውጥታ ንድፉን ፎቶ አነሳች፤ ባነሩን ከወንበሩ ላይ ጠቅልላ ካውንተሩ ሥር ስታስገባው አየሁ።

«ይሳሉልኝ» አለች ረውዳ። «ግን ጋሼ፣ አንዷ፣ የመጨረሻዋ ብቻ፣ ወደ ኋላ ትይ። ወደ ካዛንቺስ። እንዲህ ዝም ብሎ ይኬዳል እንዴ?»

ወደ ኋላ የምታይ ላም! ወደ ኋላ ስትዞር እኮ ፊቷ ነው የሚታየው! ዲላ ድረስ ሄጄ፣ ገደል ወርጄ፣ ከፊት አመለጥኩ ስል ፊት ጎተራ ጠበቀኝ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ለበራሶ አዲስ መቁጠሪያ ገዝቼ በአውቶቡስ ላክሁለት። ሰባቱን ላሞች በሰላም ጨረስኩ። ስምንተኛዋን ዓይኔን ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳልኳት፤ ዞር ያለች፣ ትንሽ የኮራች፣ ትንሽ የፈራች፣ አፋፍ ላይ የቆመች። ጨርሼ ወደ ኋላ ስል ሂክማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ረውዳ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። ከረባት ብቻ ነው የቀራት።

ደንበኛው ሁሉ ያውቃል። ከካዛንቺስ ተነስተው ጎተራ የገቡት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ያዩዋታል። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። መምህር ደበበ በየጠዋቱ ይመጣል፣ ልክ ከፊቷ ያለውን ወንበር ይይዛል፣ ትኩስ ወተቱን ይዞ አንገቱን እየነቀነቀ ያያታል።

«ሰባቱ እንዳሉ ናቸው» አለኝ ባለፈው። «ይቺ ግን ተዋጥታልሃለች። እንዴት ያለ የተማረ ፊት! የት አገኘሃት?»

«ዲላ ስምንት ዓመት ኖራለች» አልኩት።

«ያስታውቃል» አለና ወተቱን ፉት አለ።